ብርድ ልብስ የለበሰው ጋን

ጠላ መጥመቅ የሴት ሥራ ነው ብሎ የሚከራከር ሰው ቢገጥማችሁ እኔ ዘንድ አምጥታችሁ አታጣሉኝ። ከእሱ ጋር ጠብ የለኝም፤ እንዲያውም ምስክር ሆኜ እቆምለታለሁ። ሱሪ የታጠቅሁ፣ ዲፕሎማዬን በላስቲክ ጠቅልዬ ሻንጣ ውስጥ ያስቀመጥኩ የጂኦግራፊ መምህር ሆኜ ሳለ፣ ከአንድ ጋን ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ ኖሬአለሁና የምናገረውን አውቃለሁ። ሰው ሚስት አግብቶ ጎጆ ይወጣል፤ እኔ ከጋን ጋር ወጣሁ።

ያኔ ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ዕጣዬ አርባ ምንጭ ወጣና ከደብረ ብርሃን ተነስቼ ወረድኩ፤ ሲቀላ በሚባለው የታችኛው ሰፈርም እትዬ አማረች ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ክፍል ስል ሰፊ ነገር እንዳይመስላችሁ። አልጋዬ ሲገባ ክፍሏ ሞላች፤ ጠረጴዛዬ ሲጨመር በሩ አልከፈት አለ። በሩን ለመክፈት መጀመሪያ አልጋው ላይ መውጣት ነበረብኝ። እንግዳ ሲያንኳኳ «ቆይ» እላለሁ፣ እግሬን እሰበስባለሁ፣ ከዚያ ነው የምከፍተው። ጫማዬን የማስረው ደጅ ወጥቼ ነው። አንደኛው ግድግዳ ደግሞ ኮምፔንሳቶ ነበር። ከኮምፔንሳቶው ማዶ ሲስተር የሺ የምትባል ነርስ ትኖራለች፤ እሷ ስታስነጥስ እኔ ትራሴ ላይ እንደተጋደምኩ «ይማርሽ» እላታለሁ፣ እሷም «ያኑርህ» ትለኛለች። ፊት ለፊት ከተያየነው ይልቅ በግድግዳው ያወራነው ይበልጣል።

እትዬ አማረች ከጨንቻ ወርደው ሲቀላ የከተሙ፣ ግቢያቸውን በዓይናቸው የሚያስተዳድሩ ትልቅ ሴት ናቸው። ሲያከራዩኝ ሁለት ነገር ብቻ ከለከሉኝ። ክፍል ውስጥ እሳት አይነድም፤ ክፍል ውስጥ ሴት አይገባም። በሁለቱም በቀላሉ ተስማማሁ። እሳቱ የማልፈልገው ነገር ነው፤ ሴቷ ብትመጣም የምትቀመጥበት የለም።

አርባ ምንጭ ምን ይጎድለዋል? ሁለቱ ሐይቆች ከላይኛው ሰፈር ከሸቻ ሆናችሁ ቁልቁል ስታዩአቸው ደስ ይላሉ። ማንጎው መንገድ ላይ ወድቆ ማንም ጎንበስ ብሎ አያነሳውም። ከጫኖ የሚመጣው ሙዝ እንዳለ ነው። የሌለው ብርድ ብቻ ነው። እኔን ደግሞ፣ ሳቁብኝ ከፈለጋችሁ፣ የናፈቀኝ ብርዱ ነበር። ጠዋት ሣሩን የሚያነጣው ውርጭ፣ ስናወራ ከአፋችን የሚወጣው ጭስ፣ እጅን ብብት ውስጥ ከትቶ መሮጥ። ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ ስለ ውርጭ አስብ ነበር። ከሁሉ በላይ የናፈቀችኝ ግን እማዬ ናት። እኔ ከመመደቤ በፊት በነበረው ክረምት አርፋለች። ብርዱን ፈልጌ ደብረ ብርሃን ብመለስ አገኘዋለሁ፤ እሷን ግን የትም ብሄድ አላገኛትም።

አባባ ዕድሜያቸውን በብርድ ልብስ ፋብሪካ የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው። እኛ ቤት ፍቅር የሚገለጸው በብርድ ልብስ ነው። የታመመ ይደረብለታል፣ ያኮረፈ ይደረብለታል፣ ፈተና የወደቀም መጀመሪያ ይደረብለትና ነው የሚቆጡት። ስመደብ ያን የመሰለ ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ አምጥተው ሰጡኝ። አባባ፣ አርባ ምንጭ እኮ ቆላ ነው አልኳቸው። «የሰው አገር ነው፤ ይበርድሃል» አሉኝ። ብርድ ልብሱን አልጋ ሥር አስቀመጥኩት፤ ሳየው ራሱ ያልበኝ ነበር።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። አባባ ከእማዬ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ከአገር የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚነግረኝ ነገር አንድ ነው። ቤታቸው እሳት አይነድም፤ እራት ጎረቤት ካላከላቸው ዳቦ ገምጠው ይተኛሉ። ጠላማ እርግፍ አድርገው ትተዋል። ማኅበር ላይ ሲቀዳላቸው ከንፈራቸውን ነክተው ያስቀምጡታል። በተዝካሩ ቀን ራሴ «ምነው አልጠጡም?» ብላቸው ወደ ጣሳው እያዩ «ይሄ ጠላ አይደለም» ብለውኛል። እማዬ የጠመቀችውን ግን አንድ ጊዜ እንኳ ሲያስተርፉ አላየሁም።

አንድ ቀን ዳይሬክተሩ ቢሮ ስልክ ተጠራሁ። አባባ ናቸው፣ ከቴሌ። ስልኩን ያላመኑት ይመስል ድምፃቸው በራሱ እንዲደርሰኝ ይጮኻሉ። በሚመጣው ወር መጀመሪያ፣ ቅዳሜ እገባለሁ፣ አይቼህ ሰኞ እመለሳለሁ አሉኝ። ምን አለ ትንሽ ቢሰነብቱ ስላቸው «ቤቱን ለማን ትቼ?» አሉ። ቤቱ ውስጥ ማንም የለም። ያን ሳልላቸው መስመሩ ተቋረጠ።

እንዲቆዩልኝ ፈለግሁ። ወደዚያ እሳት ወደማይነድበት ቤት እንዲመለሱ አልፈለግሁም፤ እኔም ብሆን ከኮምፔንሳቶ ጋር ማውራት ሰልችቶኛል። ታዲያ ምን ይዤ ላስቀራቸው? ሐይቅ አሳይቼ? አዞ አሳይቼ? አስቤ አስቤ የእማዬን ጠላ ያገኙ ዕለት ይቆያሉ ብዬ ደመደምኩ። ሰው ሲናፍቅ ጭንቅላቱ እንዲህ ነው የሚሠራው፤ ከእኔ የባሰም አለ።

ችግሩ፣ እማዬ እንዴት እንደምትጠምቅ አላውቅም። ማድቤት ብቅ ስል «ውጣ ከዚህ፣ ወንድ ልጅ ምድጃ ሥር ምን ያደርጋል» ብላ ታባርረኛለች። የተማርኩት በበር ስንጥቅ ነው። ጋኑን በግራዋ ቅጠል ስታጥብ አይቻለሁ። በወይራ ጭስ ስታጥነው፣ ጌሾና ብቅል ስታደርግ፣ ቂጣ ጋግራ ስትቆራርስ አይቻለሁ። በመጨረሻ አፉን በጭቃ መርጋ፣ ጋኑን በአባባ ብርድ ልብስ ትጠቀልለዋለች። ከዚያ ጆሮዋን ጋኑ ላይ ለጥፋ ትቆማለች፤ አንዳንዴም ፈገግ ትላለች። ምን እንደምትሰማ ጠይቄያት አላውቅም። አሁን ብጠይቃት ደስ ይለኝ ነበር።

ጌሾ ፍለጋ ገበያ ወጣሁ። ባለጌሾዋ ቀና ብላ አይታኝ «ለሚስትህ ነው?» አለችኝ። አዎ ብል ነገሩ በዚያው የሚያልቅ መስሎኝ አዎ አልኩ። ሴትዮዋ ግን ለሚስቴ ምክር ጀመረች፤ ጌሾውን ደህና አድርጋ ትውቀጠው በላት፣ ቂጣውን ታሳርረው በላት፣ ውሃውን በአንድ ጊዜ እንዳትሞላው በላት። እኔም የሌለችው ሚስቴ የምትባለውን ሁሉ በቃሌ ያዝኩላት። ቀጥላ ለምን ራሷ አልመጣችም አለችኝ። ትንሽ አሟታል አልኩ። ሴትዮዋ ሳቅ አለችና እርጉዝ ናት እንዴ አለች። ምን ልበል? ራሴን ነቀነቅኩ። ገበያ መሀል እንደቆምኩ አባት ሆንኩ። ሴትዮዋም በሰላም ትገላገል ብላ መርቃ አንድ እፍኝ ጌሾ ጨመረችልኝ።

ጋኑን በጋሪ አመጣሁት። በመንገድ ላይ የማስተምራቸው ልጆች ከኋላዬ ተሰልፈው ሸኙኝ፤ መምህራቸው እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር ሲያሳካ አይተው አያውቁም። በሩ ላይ ስንደርስ ጋኑ አልገባ አለ። ጠረጴዛውን አወጣን፣ ያኔ ገባ። ጠረጴዛው ግን ተመልሶ የሚገባበት አጣና ግቢው ውስጥ ማንጎ ዛፍ ሥር ከተመ። ከዚያ ወዲህ የተማሪዎቼን ፈተና የማርመው ዛፍ ሥር ሆነ። ወፎቹም አብረውኝ አርመዋል፤ አንዳንዱ ልጅ ወረቀቱ ላይ ያለው ምልክት የእኔ እንዳልሆነ ማስረዳት ነበረብኝ።

ጋን ማጠን ደግሞ ደጅ የሚሠራ ሥራ ነው። እኔ ግን ሰው እንዳያየኝ ብዬ በሩን ዘግቼ፣ ወይራውን በቆርቆሮ ላይ አቀጣጥዬ ጋኑን ደፋሁበት። የእትዬ አማረችን የመጀመሪያ ሕግ የጣስኩት ያን ጊዜ ነው። ጭሱ ጋኑን ትቶ እኔን አጠነኝ። ሳል ያዘኝ፣ ዓይኔ ጠፋ፣ በሩን ለመክፈት አልጋው ላይ መውጣት እንዳለብኝ እንኳ ረሳሁ። ሲስተር የሺ በኮምፔንሳቶው ስንጥቅ ጭስ ሲገባባት ጊዜ ሰውየው ተቃጠለ ብላ በሩን ገፍታ ገባችና ባልዲ ሙሉ ውሃ ከለበሰችብኝ። ተናዳ ነው፣ ደንግጣ ነው፣ እስካሁን አልለየሁትም። ፎጣ ግን አበድራኛለች።

እሳት ሲጠፋ ነገሩ መውጣቱ አይቀርምና እትዬ አማረች ዘንድ ሄጄ ጠላ ልጠምቅ ነው አልኳቸው። ለረጅም ጊዜ አዩኝ። የእኛን አገር መጠጥ ቦርዴ ልሥራልህ፣ እሱ ይበላል ይጠጣል፣ አባትህም ይጠግባል አሉኝ። የለም፣ ጠላ ነው የምፈልገው ስላቸው ትከሻቸውን ነቅንቀው ማድቤታቸውን ለቀቁልኝ። ቂጣው አረረ። እኔ የነካሁት ነገር ሁሉ ያራል፤ እንቁላል ይሁን ሩዝ ልዩነት የለውም። ለጠላ የሚሆን ቂጣ ግን ማረር አለበት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በምግብ ሥራ ጎበዝ ሆንኩ፤ እትዬ አማረች ራሳቸው ከሰል የመሰለውን ቂጣ ገልብጠው አይተው እንዲህ የሚያሳርር ሰው አላየሁም ብለዋል።

ሁሉንም በበር ስንጥቅ እንዳየሁት አደረግሁ። ውሃውን ሞላሁ። አፉን በሸክላ ክዳን ገጥሜ በጭቃ መረግኩት፤ እማዬ በላዩ ድንጋይ ታደርግበት ነበርና እኔም አደረግሁ፤ ድንጋዩ እንዳይንሸራተት ደግሞ በገመድ አሰርኩት። ከዚያ አልጋ ሥር ገብቼ የአባባን ብርድ ልብስ አወጣሁ። እያላበኝ፣ ሸሚዜን አውልቄ፣ በዚያ በአርባ ምንጭ ሙቀት ጋኑን ከአንገቱ እስከ እግሩ ሸፈንኩት። እማዬ አንድ ሳምንት ስለምታቆየው እኔም ቅዳሜን አስልቼ ነው የከደንኩት።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ክፍሌ ውስጥ ሰው ያለ መሰለኝ። ጋኑ ነው። ውስጥ ውስጡን ይንፈቀፈቃል። ቀስ ብዬ ጆሮዬን ብርድ ልብሱ ላይ ለጠፍኩ። እማዬ የምትሰማው ይሄን ኖሯል። ብዙ ነገር የሚያወራ፣ ግን የማይቸኩል ድምፅ ነው። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ራሴን ጋኑ ላይ አስደግፌ ቆየሁ። እንባዬም መጣ፤ ይሄን የምነግራችሁ ሩቅ ስለሆናችሁ ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋኑን ማነጋገር ጀመርኩ። ስወጣ ደህና ዋይ፣ ስገባ እንዴት ዋልሽ። ለምን አንቺ እንዳልኩት አልጠይቅም፤ እናንተም አትጠይቁኝ። ብርድ ልብሱ ሲንሸራተት «በረደሽ እንዴ? ቆይ ልሸፍንሽ» እላለሁ። ይሄ ሁሉ ከኮምፔንሳቶው ማዶ ይሰማል። ሲስተር የሺ መጀመሪያ ዝም አለች። በኋላ ግን ጌሾ ሻጯ፣ የመምህሩ ሚስት እርጉዝ ናት ብላ ያወራችው ወሬ ሲቀላን አዳርሶ ጤና ጣቢያ ሲደርስ፣ ወሬውንና የሰማችውን ድምፅ አገናኘቻቸው። አንድ ማለዳ ደጅ ላይ አስቁማኝ በዝቅተኛ ድምፅ ክትትል ጀምራለች ወይ አለችኝ። ማን ስላት ቅር ብሏት ገባች።

እትዬ አማረች ግን በግድግዳ የሚወጣ ወሬ አያስተናግዱም። ሐሙስ ከሰዓት በሬን አንኳኩ። ቆይ አልኩ፣ እግሬን ሰበሰብኩ፣ ከፈትኩ።

«ቲቸር፣ እኔ ሴት አይገባም ብያለሁ» አሉኝ። «አንተ 'በረደሽ ወይ' ትላለህ አሉ። አርባ ምንጭ ላይ ማን በረዳት?»

ወደ ጎን ዞር አልኩላቸው። አንገታቸውን አስግገው ወደ ውስጥ አዩ። አልጋዬ አጠገብ፣ ብርድ ልብስ የለበሰ፣ ሆዱ ትልቅ የሆነ ነገር ተቀምጧል። ቀረብ ብለው ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረጉና ሸክላውን ነኩት። ከዚያ ብርድ ልብሱን በቦታው መልሰው፣ እኔን ከእግር እስከ ራሴ አይተው «ሴት ብትሆን ይሻልህ ነበር» ብለውኝ ሄዱ። እውነታቸውን ነው።

ዓርብ ጠዋት ዘጠነኛ ክፍል ገባሁ። ትምህርቱ ስለ ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ ነው። ይሄን ትምህርት በእንቅልፌም አስተምረዋለሁ። ከፍታ በቀነሰ ቁጥር ሙቀት ይጨምራል ብዬ ጻፍኩ። ልጆቹ እንዲገባቸው ምሳሌ ልስጥ ብዬ ዞር አልኩ። አያችሁ፣ ደጋ ላይ ሊጥ ቀስ ብሎ ይቦካል፣ ለዚህም እናቶች ሙቀት እንዲያገኝ ይሸፍኑታል፤ ቆላ ላይ ግን ነገር ሁሉ ቶሎ ስለሚፈላ... አልኩና የራሴን ድምፅ ሰማሁ። ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። ልጆቹ የቀረውን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ እስክሪብቶ ይዘው ይጠብቁኛል። እኔ ግን በሩን አልፌ ሄጃለሁ፤ የዚያን ዓረፍተ ነገር መጨረሻ እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።

እኔ ፀሐይ ላይ እየሮጥኩ ሳለ ቤት ውስጥ ሌላ ነገር እየሆነ ነበር። አባባ ሶዶ ማደር ሲገባቸው የጭነት መኪና አግኝተው ከቀኑ ቀድመው ገብተዋል። እትዬ አማረች የእኔ አባት መሆናቸውን ሲሰሙ ውሃ ሰጥተው ክፍሌን ከፍተው አልጋዬ ላይ አስቀምጠዋቸዋል። አባባ የተቀመጡት ከጋኑ ጎን ነው። የገዛ ብርድ ልብሳቸውን ሲያዩ ደስ ብሏቸው፣ በመንገድ ድካም ልብ ሳይሉ የተጠቀለለውን ነገር የእህል ጆንያ ነው ብለው ራሳቸውን አስደግፈው ሸለብ አደረጋቸው። ጋኑም ሊያወጣው የፈለገውን ሁሉ እስኪተኙ የጠበቀ ይመስል ያን ጊዜ አወጣው።

የግቢው በር ላይ ስደርስ ነው ድምፁን የሰማሁት። ክዳኑ ገመዱን በጥሶ፣ ድንጋዩን ገፍትሮ፣ የማዳበሪያ ከረጢት ኮርኒሱን ቀዶ ቆርቆሮው ላይ ደወል ደወለ። ከዚያ አረፋ። ስገባ ሲስተር የሺ ባልዲዋን ይዛ ቆማለች፣ እትዬ አማረች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። አባባ አልጋው ላይ ቁጭ ብለዋል። ጋቢያቸው ቡናማ ሆኗል፣ ጢማቸው ላይ ጌሾ አለ፣ ከኮርኒሱም ጠላው በራሳቸው ላይ ይንጠባጠባል።

ከዓመት በላይ አልተያየንም። «ደህና ገቡ አባባ?» አልኳቸው።

«ደህና ነህ ልጄ» አሉ። ተሳሳምን፤ ሁለታችንም ጌሾ ጌሾ ሸተትን። ከዚያ አባባ ቀዝቀዝ ባለ ድምፅ «ብርድ ልብሱን ምን ብለህ አለበስከው?» አሉኝ።

«እንዳይበርደው።»

እትዬ አማረች መቆም አቃታቸውና ደጁ ላይ ቁጭ ብለው ሳቁ። ሲስተር የሺም ባልዲዋን አስቀምጣ ሳቀች። አባባ ግን አልሳቁም፤ እኔን ነበር የሚያዩት። ያሰብኩት ሁሉ ግድግዳ ላይ ሲወርድ እያየሁ፣ መሸሸጉም ከንቱ ስለሆነ ተናገርኩት። የእማዬን ጠላ ልጠምቅልዎት ፈልጌ ነው፣ እሱን ካገኙ ሰኞ አይሄዱም ብዬ ነው አልኳቸው። ሴቶቹ ሳቃቸውን አቆሙ።

አባባ ተነስተው ወደ ጋኑ ጎንበስ አሉ። ግማሹ ወጥቶ ግማሹ ቀርቷል። «ቅዳልኝ» አሉኝ። እኔ በጣቴ ቀምሼዋለሁ። ጭስ ነው፣ ሆምጣጤ ነው፣ ያረረ ቂጣ ነው፤ ምላስ ይሰበስባል። ይቅርብዎት አባባ፣ አይጠጣም አልኳቸው። ጣሳውን ዘረጉልኝ። ቀዳሁ። ሁለት እጃቸውን አስጠግተው ይዘው፣ አማትበው፣ ሳያርፉ እስከ ታች ጠጡት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያን ከንፈራቸውን ነክተው የሚያስቀምጡትን ሰውዬ አይመስሉም ነበር።

«የተጋባን ዓመት» አሉ ቀስ ብለው፣ «እናትህ የመጀመሪያዋን ጠላ ጠመቀች። ልጅ ነበረች፤ ማንም በደንብ አላሳያትም። ይሄው ነው። ጣዕሙ ምንም አልተለወጠም፣ ይሄው ራሱ ነው።»

የጣሳውን አፍ በጣታቸው ጠረጉ።

«አፍራ ማድቤት ገብታ አለቀሰች። ጥሩ ነው ብላት ውሸቴን እንደሆነ ታውቃለች። ስለዚህ ጥሩ ነው አላልኳትም። ድገሚኝ አልኳት።» ባዶውን ጣሳ ወደ እኔ ዘረጉት። «በል ድገመኝ።»

ቀዳሁላቸው። እኔ ስፈልግ የነበረው የማውቃት እናቴ የምትጠምቀውን ጠላ ነው፣ ጎረቤት የሚያሞግሰውን፣ ማኅበርተኛ የሚመርቀውን። አባባን የናፈቀቻቸው ግን ከእኔ በፊት የነበረች፣ ቂጣ የምታሳርር፣ በአንድ ጋን ጠላ የምታለቅስ ልጅ ኖራለች። እሷን እኔ አላውቃትም ነበር። ያን ቀን እዚያች ክፍል ውስጥ ጢማቸው ላይ ጌሾ ይዘው የነገሩኝን ያህል ስለ እማዬ ነግረውኝ አያውቁም። እትዬ አማረችም አንድ ጣሳ ቀምሰው፣ ለአባባ ክብር ሲሉ ዋጡትና፣ ነገ ቦርዴ አመጣለሁ ብለው ወጡ።

ሰኞ ደረሰ። አባባ ጠዋት ጋቢያቸውን ለብሰው ደጅ ወጡ፣ ሰማዩን አዩ፣ ጋኑን አዩ። የተጠመቀ ጠላ ትቶ መሄድ ነውር ነው አሉና ተመልሰው ተቀመጡ። እኔ መሬት ላይ፣ እሳቸው አልጋው ላይ ተኝተን፣ በሩን ለመክፈት ሁለታችንም እየተነሳን መኖር ጀመርን። ከትምህርት ቤት ስመለስ ማንጎው ሥር ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጠው ያን ሁሉ ውሃ ምን ያደርጉታል እያሉ ስለ ሐይቆቹ ከእትዬ አማረች ጋር ሲያወሩ አገኛቸዋለሁ። ጠላውን መጀመሪያ በጣሳ ይጠጡ ነበር። በኋላ በብርጭቆ ሆነ። ከዚያ ግማሽ ብርጭቆ፣ ከዚያ ስትቀዳ አታብዛው ይሉኝ ጀመር። እኔም አላበዛሁም። አንዳችንም ስለዚህ ነገር አላወራንም።

አንድ ቀን ከሰዓት ጋኑን ሳዘነብለው ወፍራም አተላ ብቻ መጣ። ብዙ ቆሜ ካዘነበልኩ በኋላ ብርጭቆው ሩብ ሞላ። ይዤላቸው ወጣሁ። ማንጎው ሥር ተቀምጠዋል። ብርጭቆውን አስቀመጥኩና አልቋል ለማለት አፌ እንቢ አለኝ። እሳቸው ብርጭቆውን አይተው ገባቸው። ለመጠጣትም አልቸኮሉም።

«አልቋል አባባ» አልኩ በመጨረሻ።

«አተላው አለ?»

«አተላውማ አለ።»

«ታዲያ ምን አለቀ ትላለህ? ውሃ ጨምርበትና ክደነው፤ ቅራሪ ይሆናል። እናትህ መቼ አተላ ደፍታ ታውቃለች?»

ቅራሪ የጠላ ጭላጭ ነው፤ ስስ ነው፣ ውሃ ውሃ ይላል፣ ለልጆችና ለአላፊ አግዳሚ የሚቀዳ ነው። ለቅራሪ ብሎ አገሩን ጥሎ የተቀመጠ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ጀሪካኔን አንስቼ ወደ ቧንቧው ሄድኩ፤ መንገድ ላይ ግን ቆም ብዬ ዞር አልኩ።

«ምን ያህል ልጨምርበት አባባ?»

«እስኪሞላ» አሉኝ።